በበቅሎ ሰበብ የተፈታ አፍ

ጣሊያን ቡታጅራ ላይ በሰፈረበት ዘመን ከቤታችን ሰው ሁሉ አማርኛ የተሻለ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ከቤታችን ሰው ሁሉ ሰው ፊት አፍ የማይፈታልኝም እኔው ነበርኩ። ዛሬ ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ያኔ ግን አንጀቴን ሲያሳርረኝ የኖረ ጉዳይ ነው።

አባቴ ቸሃ ተወልዶ ያደገ ነው። አንዲት በቅሎ ነበረችው። በእሷ ከወልቂጤ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ እንሴኖ ቅቤና ቆዳ ለነጋዴዎች እያመላለሰ ያሳድረን ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጓዙን ጠቅልሎ ቡታጅራ አመጣን። እናቴ አማርኛን ገበያ ላይ ለመግባባት ያህል ያዘችው እንጂ ከዚያ አላለፈችም። አባቴ መንገደኛ ስለሆነ ከሁሉም ጋር ይግባባል፤ ግን በዚያ ክረምት ቁልቁለት ላይ በቅሏ አዳልጧት ጭነቱ እግሩ ላይ ወደቀበት። ወጌሻው በሸምበቆ አስሮ አስተኛው፤ ንቅንቅ እንዳትል ተብሎ ነበር።

እሱ በተኛበት ነው አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ የመጡት። ጣሊያን መንገድ ለሚያሠራቸው ሰዎች ስንቅ የሚሸከም የጭነት ከብት እየሰበሰበ ነበር። በቅሏችን ደጃፍ ታስራ ነበር። ፈቷትና ሳቧት። እናቴ በጉራጊኛ እየጮኸች እስከ መንገዱ ተከተለቻቸው። ምን እንደምትል የገባው አልነበረም፤ ቢገባውም የሚሰማት አልነበረም። እኔ በሩ ጥግ ቆሜ አየሁ። አማርኛውን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ቃል አልወጣኝም።

በነጋታው ጠዋት አባቴ ከመደቡ ላይ ሆኖ ጠራኝ።

«ከእናትሽ ጋር ጣሊያኑ ሹም ግቢ ትሄዳላችሁ። እዚያ አስተርጓሚ አለ፤ አማርኛ ይሰማል። አንቺ ትናገሪያለሽ» አለኝ።

«እሺ» አልኩ።

እኔ ለሁሉም ነገር እሺ ነበርኩ። ጎረቤት ውሃ ቅጂልኝ ስትል እሺ፣ ወገቤን እያመመኝም እሺ። ሰዎች ታዛዥ ልጅ ይሉኛል። እምቢ ማለት ሁለተኛ ቃል ይፈልጋል፤ ለምን ሲሉኝ መመለስ አለብኝ። ያንን ሁለተኛውን ቃል ስለምፈራ ነበር እሺ የምለው።

የሹሙ ግቢ ሰፊ ሜዳ ነበር። ባለጉዳዩ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ጣሊያኑ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ባርኔጣውን አጠገቡ አስቀምጦ ይጽፋል። አስተርጓሚው ከጎኑ ይቆማል። ከሰሜን የመጣ፣ ጫማው የሚያበራ፣ ድምፁ ግቢውን የሚሞላ ሰው ነበር። ተራችን እስኪደርስ ድረስ የምናገረውን በሆዴ ስደግመው ቆየሁ። «ጌታዬ፣ በቅሏ የአባቴ ናት። አባቴ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። ያለ እሷ መተዳደሪያ የለንም።» አንድ ቃል እንዳይሳሳት፣ አንድ ፊደል እንዳይጎተት። ያማረ ነበር። እስከ ዛሬ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

«እናንተ!» አለ አስተርጓሚው።

ቆምን። «ጌታዬ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከሆዴ ጠፋ።

«እሺ፣ ምንድን ነው?»

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። ከኋላችን የተቀመጡት መሳቅ ጀመሩ።

«ይቺ ልጅ ዲዳ ናት እንዴ?» ብሎ ወደ እናቴ ዞረ። እናቴ የቻለችውን ያህል በጉራጊኛ ነገረችው፤ እጇን አንዴ ወደ ቤታችን አንዴ ወደ ሰማይ እየዘረጋች። አልገባውም። ለጣሊያኑ በአጭሩ አንድ ነገር አለውና እጁን አወናጨፈብን። አስካሪው ገፋ አድርጎ አስወጣን። በሩ ላይ ቆመን ስንሰማ ከእኛ በኋላ የገባው ሽማግሌ ስለ ሳር ክዳን ይሁን ስለ ጥጃ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ግማሽ ቀን አወራ። እንዲያ ያለ የተሰባበረ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ሰውየው ተሰማ።

እናቴ እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደች። በራችን ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ቤት ውስጥ ከእህትሽ ጋር ስትጨቃጨቂ ያ ምላስ ከየት ይመጣል? ግቢው በር ላይ ይቀሙሻል?»

ይህ ነው የሚያናድደው፤ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነበር።

ወሬው ሰፈር ገባ። መካሪ በዛ። አንዷ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጠበል ይዛችኋት ሂዱ አለች። አንዱ የአባቴ ወዳጅ ግቢው በር ላይ ስትደርስ አረቄ ፉት ታድርግ ብሎ በብልቃጥ አመጣልኝ፤ ቀምሼው ትንታ ሊገድለኝ ነበር። ሌላዋ ደግሞ ባል ስታገባ ይተዋታል አለች፤ ያቺን አልረሳላትም። ሁሉም ምን እንደሆንኩ ያውቃሉ። መቼ ነው የምትናገሪው ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። አኩርፌ ጓሮ ተቀመጥኩና ቃጫ እየገመድኩ ያንን ጥያቄ ራሴው ለራሴ ጠየቅኩ።

መቼ ነው የምናገረው? ከእናትና አባቴ ጋር እናገራለሁ። ከእህቴ ጋር እናገራለሁ፤ እናቴ ትመስክር። ሌላስ? ከጎረቤታችን ከዓይነ ስውሯ አሮጊት ጋር እናገራለሁ። እኚህ ሴትዮ የመስቃን ሰው፣ ሙስሊም፣ ልጆቻቸው ንግድ የሄዱባቸው ነበሩ። ውሃ ስቀዳላቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን አማርኛ እናወራለን። እሳቸው ጋ ስሆን እንደ ወፍ ነው የምንጫጫው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ መጣሽ ለፍላፊዋ?» ይሉኝ ነበር። እኔን! ለፍላፊ!

እንግዲህ ነገሩ ዓይን ነው አልኩ። ሰው ሲያየኝ ነው የምደነግጠው፤ እሳቸው ስለማያዩኝ ነው የማልደነግጠው። ይህን ሳገኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መፍትሔውም ቀላል መሰለኝ። እናቴን ለምኜ እንደገና ወደ ሹሙ ግቢ ሄድን። ተራችን ሲደርስ ነጠላዬን ከአናቴ እስከ አገጬ ድረስ ጎትቼ ተሸፈንኩ። ማንንም አላይም፤ ማንም ፊቴን አያይም።

ምንም አልወጣም። ነጠላው ውስጥ የገዛ ትንፋሼ ብቻ ይሞቀኛል። ያ ያማረ ንግግሬ በሆዴ ውስጥ ይዞራል፤ «ያለ እሷ» ይሻላል ወይስ «ካለ እሷ»? «መተዳደሪያ» ይሻላል ወይስ «መብል»? እያልኩ።

«ፊትሽን ግለጪ! ከነጠላ ጋር ነው የማወራው?» አለ አስተርጓሚው።

ሰው አሽካካ። አስካሪው ያው የበፊቱ ነበር፤ እንደ በፊቱ ገፋ አድርጎ አስወጣን። እናቴ በዚህኛው ቀን ምንም አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ስገባ ነጠላዬን መሬት ላይ ወርውሬ ረገጥኩት። አባቴ ከመደቡ ሆኖ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እውነቱ የተገለጠልኝ በዶሮ ነው። ከጓሯችን አጥር ማዶ የአንድ ጸሐፊ ሚስት ትኖር ነበር። ከባሏ ጋር ከሰሜን የመጣች፣ አማርኛዋ ሲወርድ የሚያምር ሴት ናት። በመካከላችን አጥሩ አለ፣ ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ እኔ አላያትም፣ እሷ አታየኝም። አንድ ቀን ከሰዓት ዶሮዋ ሾልካ ወደ እኛ ገባች። ያዝኳት።

«እዚያ ማነው? ዶሮዬን አያችሁልኝ?» አለች ከማዶ።

ዶሮዋ ብብቴ ውስጥ ናት። አዎ እዚህ ናት ማለት ነው የሚቀረኝ። ግን ጀመርኩ፦ «ዶሮሽ» ልበላት «ዶሮዎ»? እሷ ትልቅ ሰው ናት ወይስ እኩያዬ? «ጓሯችን» ነው የሚባለው «ጓሮአችን»? ይህን ስመዝን፣

«ሰው የለም መሰል» ብላ ሄደች።

የሰው ዶሮ ታቅፌ እንሰት ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ወጣ። ማን አየኝ? ማንም አላየኝም! ዓይን የለ፣ አስካሪ የለ፣ ሳቅ የለ። ታዲያ ምን ያዘኝ?

የያዘኝ አማርኛው ነበር። አሮጊቷ ጋ የምፈታው ስለማያዩኝ አልነበረም። የሳቸውም አማርኛ እንደኔው የተሰባበረ ስለነበረ ነው። ግማሹ መስቃንኛ፣ ግማሹ ዐረብኛ። እሳቸው ጋ ቃል አልመዝንም። ልክ አማርኛ የሚናገር ሰው ፊት ግን እያንዳንዱን ቃል በወንፊት ነፍቼ ካላወጣሁ አልናገርም፤ ነፍቼ እስክጨርስ ደግሞ ጨዋታው አልፎ ይሄዳል።

ያን ጊዜ አንድ የተረሳ ነገር ትዝ አለኝ። ከቸሃ እንደመጣን ሰሞን ምንጭ ወርጄ ለልጃገረዶቹ የሆነ ነገር በአማርኛ አልኳቸው። ቃሏን በአገሬ ቃና ጎትቼ ነው ያወጣኋት። እንስራቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ስሜን ትተው በዚያች ቃል ይጠሩኝ ጀመር። ምንጩ ማዶ ሆነው ይጠሩኛል፣ ገበያ ላይ ይጠሩኛል። ቃሏ ምን እንደነበረች ዛሬ አላስታውስም። ያኔም እንሰቱ ውስጥ ቆሜ ላስታውሳት ሞክሬ አቃተኝ። ይህ ነው ያቃጠለኝ! ጠፍታ ለቀረች አንዲት ቃል ብዬ ይህን ሁሉ ዘመን አፌን ዘግቼ ኖርኩ፤ በቅሏችንም ለዚህ ስትባል ተወሰደች። ሰው ራሱን ሲያውቅ ቅለት ይሰማዋል ይላሉ። እኔ የተሰማኝ ንዴት ብቻ ነበር።

በንዴቱ አጥሩን ዞሬ ሄድኩ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ነበረች።

«ዶሮ እኔ ጋ ናት!» አልኳት፤ ጮክ ብዬ፣ በአገሬ ቃና።

«እሰይ! ተባረኪ፣ ውሻ በላት ብዬ ነበር» አለችና ዶሮዋን ተቀበለችኝ። በቃ። አልሳቀችም፣ አልተገረመችም፤ የምናገረው ቃና እንዳለው እንኳ ያስተዋለች አልመሰለኝም። ይሄ ብቻ ነው እንዴ? ብዬ ይባስ ተናድጄ ተመለስኩ።

ከዚያ ነገሩ የተቃና እንዳይመስላችሁ። የታመምኩበትን ማወቄ አፌን አልፈታውም። ሳላበጥር ለመናገር ቆርጬ ገበያ ወረድኩ፤ የመጀመሪያው ጨው ነጋዴ አነጋገሬን እየቀዳ አሾፈብኝ፤ ጨውን ሳልይዝ እያለቀስኩ ቤቴ ገባሁ። ብዙ ጊዜ የድሮው ልማዴ ሳላውቀው ይጀምረኛል፤ ማጥራቱ፣ መመዘኑ። አንዳንድ ቀን እናገራለሁ፣ አንዳንድ ቀን እንደ ግድግዳ እቆማለሁ። ቤት ውስጥ የሚበላው እየሳሳ ሄደ። አባቴ እግሩ ገና አልጠናም። እናቴ ደግሞ ስለ በቅሏ ማንሳት ትታለች፤ በእኔ ተስፋ ቆርጣለች ማለት ነው።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት «እንሂድ» አልኳት።

«የት?»

«ሹሙ ግቢ።»

«ልትቆሚ ከሆነ እዚሁ ጓሮ ቁሚ» አለችኝ። ቢሆንም ነጠላዋን አነሳች።

ዛፉ ሥር ተቀምጠን አንድ ነገር አደረግኩ። ዓረፍተ ነገር በሆዴ መሰካካት ሲጀምር እናቴን አንድ ነገር እጠይቃታለሁ። ጎመኑን ውሃ አጠጣሽው? አክስቴ መቼ ትመጣለች? እናቴ ያበድኩ መስሏት ታየኛለች። ግን ተራችን ሲደርስ በሆዴ ያዘጋጀሁት ምንም አልነበረም። እንደዚያ ባዶ ሆኜ ቆሜ አላውቅም።

«ደግሞ መጣሽ ዲዳዋ?» አለ አስተርጓሚው።

«በቅሎ የኛ ናት» አልኩ። «ጌታዬ፣ አባቴ እግሩ ሰበረ። ተኝቷል። ደጅ አሰርን፣ አስካሪ ፈትቶ ወሰደ። ማንም አልጠየቀን።»

ከኋላዬ ሳቁ። «እግሩ ሰበረ» እያለ አንዱ ሲደግመው ሰማሁ። ፊቴ ጋለ። ዕድሜዬን ሙሉ የምፈራው ነገር መጣ። መጣና፣ ሳቅ ብቻ ሆኖ ቀረ። አልገፋኝም፣ አልመታኝም። እኔ ገና እየተናገርኩ ነበር።

«ግራ ጆሮዋ ጫፉ ተቆርጧል። ጀርባዋ ላይ የኮርቻ ቁስል የነበረበት ነጭ ጸጉር አለ። እሷ ከሌለች እንርባለን። አባቴ ሲድን በምን ይሠራል? እናቴ ከዚህ በፊትም ነገረቻችሁ፣ አልሰማችሁም።»

አስተርጓሚው ወደ ጣሊያኑ ዞሮ በጣት የሚቆጠር ቃል ተናገረ። ጣሊያኑ ቀና ሳይል ራሱን ነቀነቀ።

«ሁሉንም አልነገሩትም» አልኩ።

አስተርጓሚው ፊቱን ወደኔ መለሰ። «ምን አልሽ?»

«ሁሉንም አልነገሩትም፣ ጌታዬ።»

«ጣሊያንኛ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። ግን እኔ ብዙ ተናገርኩ፣ እርስዎ ትንሽ።»

ዛፉ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ፈነዳ። ሳቁ አሁን ወደኔ አልነበረም። ጣሊያኑ ብዕሩን አስቀምጦ ምንድን ነው የሚያስቃቸው ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም። አስተርጓሚው ፊቱ ተቀይሮ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በዚህኛው ጊዜ ረዘም አድርጎ ነገረው። ጣሊያኑ አየኝ፣ እናቴን አየ፣ አንድ ነገር አለ።

«በቅሏችሁ የለችም» አለን አስተርጓሚው። «በተወሰደች ማግስት ከጭነት ጋር ወደ ወልቂጤ ሄዳለች። ከበረቱ አንዷን ውሰዱ ብሏል።»

በተወሰደች ማግስት! እኔ ነጠላ ተከናንቤ «ያለ እሷ» ይሻላል «ካለ እሷ» እያልኩ በተቃጠልኩ ጊዜ በቅሏ ከከተማው ከወጣች ሰንብታለች። አንድ ሰው እንኳ የለችም ብሎ አልነገረንም። በቁሜ ሳቄ መጣ፣ እንባዬም መጣ።

በረቱ ውስጥ ለጣሊያን ሥራ የማይሆኑት ነበሩ የቀሩት። እናቴ እየዞረች አይታ የተሻለችውን መረጠች። የተሻለችው ጀርባዋ የተላጠ፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ሲቀርቧት ለመናከስ አንገቷን የምታሰግግ በቅሎ ነበረች።

በር ላይ ስንደርስ አስተርጓሚው ተከተለን። ቁጣው በርዶለታል፤ እንዲያውም ፈገግ ብሏል።

«አፍሽ ሲፈታማ ደህና ነሽ» አለኝ። «እኔ ጉራጊኛ አልሰማም። እዚህ ግቢ ብትገቢ ለኔም ይቀለኛል፣ ለእናንተም እንጀራ ነው። ነገ ጠዋት ትመጫለሽ።»

እናቴ ምን እንዳለ አልገባትም፤ ፊቴን ታያለች። አስካሪዎቹ በረት አጠገብ ቆመዋል። እዚያ ግቢ የገቡ ሴቶች ምን እንደሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እሺ የምትለዋ ቃል ከጉሮሮዬ ደርሳ ነበር፤ አውቃታለሁ፣ ከሁሉ በፊት የምትመጣው እሷ ናት።

«አልመጣም» አልኩ።

«ለምን?»

ያ ስፈራው የኖርኩት ለምን።

«አልፈልግም።»

«መፈለግሽን ማን ጠየቀሽ?»

«እርስዎ ናቸው የጠየቁኝ» አልኩት። «ነዎት» ማለት እንደነበረብኝ የታወቀኝ መንገድ ላይ ነው።

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ከዚያ እጁን አወናጭፎብኝ ተመለሰ። በቅሏን እየጎተትን ወጣን። ምን አለሽ ስትለኝ ለእናቴ ነገርኳት። አልመረቀችኝም። «በሩን ከዛሬ ጀምሮ አጥብቀን እንዘጋለን» ብቻ አለች። ለሳምንታት ኮቴ በሰማን ቁጥር እየደነገጥን ከረምን። የመጣ ሰው የለም።

አባቴ በመስኮት አንገቱን አስግጎ በቅሏን አያት።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ይቺን ለማምጣት ነው ይሄ ሁሉ?» አለና ተመልሶ ተኛ። እውነቱን ነው፤ ግን እንዲያ ባይለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ ሌላ ጣጣ አመጣብኝ። ያቺ ጠበል ውሰዷት ያለችው ሴትዮ ሳትቀር፣ ጉዳይ ያለው ሁሉ ነይ ተናገሪልኝ እያለ በራችን ላይ ይቆም ጀመር። ለአንዳንዱ ሄድኩ። ለአንዳንዱ እምቢ አልኩ። እምቢ ያልኳቸው ተጣሉኝ፤ ድሮ ጨዋ ነበረች፣ ተበላሸች አሉ። ዓይናፋርነቴም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ዛሬም አማርኛው የሚፈስለት ሰው ሰብሰብ ብሎ ሲጫወት እጄ ያልበኛል። ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ብቻ እንደ ድሮው አላምነውም።

አባቴ እግሩ ሲጠና የራሱን በቅሎ ልፈልግ ብሎ ወደ ወልቂጤ ሲነሣ እኔም አብሬው ሄድኩ። ጭነት የሚወርድበት ቦታ ሁሉ ደረስን። የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ አስካሪውን፣ ነጋዴውን፣ ሣር ሻጩን። ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ አይታችኋል? አንዱ አላየሁም ይላል፤ አንዱ በአነጋገሬ ይስቃል፤ አንዱ ወደ ግቤ በኩል ሳትሄድ አትቀርም ይለናል። ማንንም ሳልዘል ጠየቅኩ። አላገኘናትም።

ስንመለስ ዳገቱ ላይ ያቺ አሮጊት በቅሎ ቆመችና አልንቀሳቀስም አለች። አባቴ ከኋላ እየገፋ፣ እኔ ከፊት እየሳብኩ፣ ዝናቡ መጣ።

«ደከመሽ?» አለኝ።

«ደከመኝ» አልኩት። «ተናድጃለሁም።»

«እኔም» አለኝ፤ ተያይዘን መጎተታችንን ቀጠልን።